ያልሠራ ሞተር ያረፈ ሞተር አይደለም

ያገለገለ ጀልባ ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው ቀድሞ የሚያነሳው ነጥብ «ሞተሩ ብዙ አልሠራም» የሚል ነው። ገዢውም የሥራ ሰዓቱን ቁጥር አይቶ ዋጋ ይጨምራል። ይህ አነጋገር ምን ያህል እንደሚያሳስት በመቀሌ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ባለመኪና ማስረዳት አያስፈልግም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ነዳጅ ወደ ትግራይ መግባት ሲያቆም በየግቢው የቆመ ተሽከርካሪ፣ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነዳጅ ስለተገኘ ብቻ ቁልፍ ተዙሮ የሚነሳ አልነበረም። ባትሪው፣ ጎማውና የነዳጅ መስመሩ ቆመውም ያረጃሉ።

ተመሳሳዩ ሒሳብ በጣና ሐይቅ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይም ይሠራል። ቀደም ሲል እነዚህ ጀልባዎች ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው በክረምት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ጎብኚውን በማራቁ የቆሙበት ጊዜ ረዘመ። በመሆኑም ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ባለሀብት ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ሰዓት ሠራ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ቆመ?» የሚለውን ጭምር ነው።

በረዶ የሚያስገድደው ጥገና

እንደ ካናዳና ስዊድን ባሉ ብርዳማ አገሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የአየር ጠባዩ ራሱ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ባለጀልባው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ጀልባውን ከውሃ ያወጣል፤ ሞተሩን ያደርቃል ወይም ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይሞላበታል፤ ዘይት ይቀይራል፤ ባትሪውን ፈትቶ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ሸራ ያለብሳል። ይህን የዘለለ ሰው በአንድ ክረምት ሞተሩን ሊያጣ ይችላል።

ጣና አይረጋም። የሚያስገድድ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ጥገናው ይዘለላል። ጉዳቱ ግን አይቀርም፤ በዝግታ ይመጣል።

የክረምቱ ጉዳት

የሐይቁ ውሃ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በሰኔ በአጭር ገመድ የታሰረ ጀልባ በነሐሴ ውሃው ሲነሳ ጠርዙ ወደ ታች ይጎተታል። ዳር ላይ የተጎተተውንም ቢሆን ውሃው ይደርስበታል። ሸራ በሌለው ጀልባ ዝናብ ሲጠራቀም ማውጫ ፓምፑ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጀልባው መሙላት ይጀምራል።

ካርቡሬተር ውስጥ ለወራት የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል። በግማሽ የተተወ የናፍጣ ጋን እርጥበት ያጠራቅማል። ያገለገለ ዘይት አሲድና ውሃ ስለሚይዝ የሞተሩን የውስጥ ክፍል ይበላል። የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገፋው የጎማ ክንፍም ሳይዞር ሲቆይ ቅርጹን ያጣል። ሲሠራ ደግሞ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ይዘውት የሚገቡት ደለል ይፈጨዋል። እንቦጭ ባለበት የሐይቁ ክፍል አረሙ የውሃ መሳቢያውን ስለሚደፍን ሞተሩ ይግላል። አብዛኞቹ የሞተር አምራቾች ዘይት በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ፣ ቀድሞ በደረሰው እንዲቀየር የሚያዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወጪው 12 ወር፣ ገቢው 8 ወር

የንግዱ ስሌት የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ጀልባው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለ8 ወራት ብቻ ቢሠራ፣ ጥበቃውና እርጅናው ግን የ12 ወር ነው። የበጋውን ገቢ በሙሉ ትርፍ አድርጎ የሚያከፋፍል ባለቤት፣ በሰኔ የዘይት፣ የጎማ ክንፍና የሸራ ወጪ ሲመጣ እጁ ባዶ ይሆናል። የተዘለለው አነስተኛ ወጪ በመስከረም ትልቅ ሆኖ ይመለሳል፤ ያውም የመስቀልና የጥምቀት ገበያ በሚጠበቅበት ወቅት። መፍትሔው ከእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት ገቢ ላይ የጥገና ድርሻ ቀንሶ ለብቻው ማስቀመጥ ነው።

ገዢ ምን ይመልከት?

ሞተሩ ሻጩ ቀድሞ ሳያሞቀው፣ በቀዝቃዛው እንዲነሳ ይጠየቅ። የካምቢዮ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከነዳጅ ጋኑ ሥር በጠርሙስ ናሙና ይቀዳ፤ ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። የጎማ ክንፉ የተቀየረበት ቀን ይጠየቅ። ኮምፕሬሽን ሲለካ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ንባቡ ከባሕር ጠረፉ ያነሰ መሆኑ አያስደንግጥም፤ ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሻጩ የዘይት ቅያሪና የክረምት ጥገና መዝገብ ማሳየት ከቻለ፣ ብዙ ሰዓት የሠራውን ጀልባ መምረጥ ያዋጣል። መዝገብ ከሌለ ግን ገዢው ያልተሠራውን ጥገና ወጪ አስልቶ ከዋጋው ላይ ይቀንስ። «ብዙ አልሠራም» የሚለው ቃል ለብቻው ዋጋ የሚያስጨምር አይደለም።