«ሥ»ን ከ«ስ» የሚለይ አራሚ

እስቲ እነዚህን ሦስት መስመሮች ድምፅ አውጥተን እናንብባቸው።

ሥራ = 8
ክፍያ=120
ድምር = ስራ * ክፍያ

የአንድ ባለሙያ የቀን ሂሳብ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ለአንዱ ሰዓት 120 ብር። ጆሮ እንከን አያገኝበትም። ዓይንም ቢሆን እምብዛም አይጎረብጠውም፤ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ጋር እያቀያየርን መጻፉን ከለመድነው ቆይተናል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ልማዳችንን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሦስተኛ ትውልዱ ጀምሮ የግዕዝ ፊደልን በስያሜ ውስጥ ይቀበላል፤ ነገር ግን «ሥ» እና «ስ» ለእርሱ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት ባዕዳን ናቸው። በሦስተኛው መስመር የተጠራው «ስራ» ከቶ ያልተወለደ ስም ነው። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ተሰናክሎ ይቆማል።

ይህንኑ ፋይል ፍሌክ8 ለሚባል መሣሪያ ብንሰጠው፣ ፕሮግራሙን ሳያስነሳ ሁለት ነገር ይነግረናል። በሁለተኛው መስመር «ኢ225»፦ ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት የለም። በሦስተኛው «ኤፍ821»፦ «ስራ» የሚባል ስም አይታወቅም። የፊተኛው የአጻጻፍ ወግ ጉዳይ ነው፤ የኋለኛው ፕሮግራሙን የሚጥል ስህተት። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገር እንዲህ ያለ አራሚ ሊንተር ይባላል።

ስሙ የተወሰደው ከጨርቅ ነው። ጋቢ ደርቦ ያመሸ ሰው ጥቁር ሹራቡ ላይ የሚያገኘውን ነጭ ብናኝ እንግሊዝኛ «ሊንት» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካው ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ጆንሰን፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ላይ የሚጣበቀውን ብናኝ የሚለቅም ፕሮግራም ሠራና ሊንት አለው። ኮምፓይለር እያለ ሌላ አራሚ ምን ያደርጋል? የኮምፓይለር ጭንቀቱ መተርጎም ነው፤ ሰዋስዉ እስከተሟላለት ድረስ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሮ ይገላገላል። ሊንት ግን አይቸኩልም። ተሰይሞ ያልተሠራበትን ስም፣ ዋጋ ሳይሰጠው የተነበበውን፣ ፕሮግራሙ ፈጽሞ የማይደርስበትን መስመር አንድ በአንድ ይለቅማል። አነጋገሩም «ይህ ክልክል ነው» ሳይሆን «ይህ ነገር አላማረኝም» ዓይነት ነው።

አሠራሩ ከሰዋስው መምህር ብዙ አይርቅም። ኮዱን መጀመሪያ ወደ ቃላትና ምልክቶች ይበትናል፤ ቀጥሎ የትኛው ከየትኛው እንደሚንጠለጠል የሚያሳይ ዛፍ ይሠራል። ዛፉን ከሥር እስከ ቅርንጫፍ እየዞረ የስሞች መዝገብ ይይዛል፦ ይህ እዚህ ተሰየመ፣ ያ እዚያ ተጠራ። ተጠርቶ በመዝገቡ የሌለ ሲያገኝ ይጮኻል፤ ተመዝግቦ ማንም ያልጠራውንም ይጠቁማል። ፍሌክ8 ራሱ የሦስት መሣሪያዎች ማኅበር ነው። ፓይፍሌክስ ስሞቹን ይቆጣጠራል፣ ፓይኮድስታይል ወጉን ይጠብቃል፣ ማኬብ ደግሞ መታጠፊያው የበዛና የተወሳሰበ ኮድን ይለካል።

ወጉን ማን ደነገገ? በፓይተን ዓለም መልሱ ፔፕ 8 ነው፤ የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የአጻጻፍ መመሪያ። መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ በአራት ክፍተት ይግባ፤ ርዝመቱም ከ79 ፊደልና ምልክት አይለፍ ይላል። 79 የተባለችው ቁጥር የዘር ሐረግ አላት። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ባለ ቀዳዳ ካርድ 80 ዓምድ ነበረው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የኮምፒውተር ስክሪኖችም 80ን ወረሱ። የመጨረሻዋን ዓምድ አንዳንድ ኤዲተሮች፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች፣ ለመስመር መታጠፊያ ምልክት ስለሚወስዷት 79 ቀረ። ካርዱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ወጣት ዛሬም በስፋቱ ይጽፋል።

ፓይኮድስታይልም ዱሮ ስሙ ፔፕ8 ነበር። ሰዎች መሣሪያው ያለውን ሁሉ እንደ ሕግ እየጠቀሱ ሌላውን ማስጨነቅ ሲያበዙ፣ ቫን ሮሰም ራሱ ስሙ እንዲለወጥ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም ተለወጠ። መመሪያው ለሰው አስተዋይነት ቦታ ይተዋል፣ መሣሪያው ግን መቁጠር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ ክፍተትና ስፋት ይህን ያህል ማነጋገሩ ለምንድን ነው? በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. አፕል በአይፎኑ ሶፍትዌር ውስጥ የነበረ አደገኛ ቀዳዳ ደፈነ። የስልኩን የኢንተርኔት ግንኙነት ምስጢራዊነት በሚጠብቀው ኮድ ውስጥ «ወደ መውደቂያው ሂድ» የምትል አንዲት ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተጽፋ ነበር። ሁለቱ መስመሮች እኩል ወደ ውስጥ ስለገቡ ለዓይን ሁለቱም ከበላያቸው ባለው «ይህ ከሆነ» ሥር ያሉ ይመስላሉ። ሲ ግን ቅንፍ ከሌለ የሚያስረው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋ ምንጊዜም ትፈጸማለች። ከበታቿ ያለው የማረጋገጫ ኮድ የማይደረስበት ሆኖ ቀረ፤ የሌላውን ግንኙነት የሚጠልፍ ሰው በሐሰተኛ ማንነት ማለፍ ቻለ። የማይደረስበትን መስመር መጠቆም የጆንሰን ሊንት ከ1978 ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን፣ ዕውቀቱ በጊዜው ጸሐፊው ዓይን ፊት መድረሱ ነበር።

ሊንተርን ከኤዲተር ጋር የማጋባቱ ታሪክም እዚህ ላይ ይመጣል። ዱሮ ሰው ኮዱን ጽፎ፣ ሴቭ አድርጎ፣ ከኤዲተሩ ወጥቶ፣ ሊንተሩን በተርሚናል ያስነሳል። የመስመር ቁጥር የተደረደረበት ረዥም ዝርዝር ይመጣለታል፤ አንዱን አርሞ ሲመለስ የቀሩት ቁጥሮች ቦታቸውን ለቀዋል። ኢማክስ የተባለው ኤዲተር ፍላይሜክ በሚባል ተቀጥላ ገና እየተጻፈ ያለን ኮድ ማስመርመር ጀመረ። ቪም በተባለው ሌላ ኤዲተር በኩል ችግሩ መጠበቅ ነበር፤ አራሚው እስኪጨርስ ኤዲተሩ ደንዝዞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቪም 8 ሌላ ፕሮግራም ከበስተጀርባ ማሠራት ሲችል ጸሐፊውም ሳያቋርጥ መጻፍ ቻለ።

በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል የተባለ የጋራ መግባቢያ ይፋ አደረገ። ሂሳቡ ቀላል ነው። አሥር ኤዲተርና ሃያ የፕሮግራም ቋንቋ ቢኖሩ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ለማገናኘት 200 ድልድይ ያስፈልጋል። ሁሉም አንድ መግባቢያ ቢማሩ ሠላሳ ይበቃል። ኤዲተሩ «ይህ ፋይል ተከፈተ፤ እዚህ ላይ ይህ ተቀየረ» ይላል፤ ከበስተጀርባ የተቀመጠው አገልጋይ «ከዚህ ፊደል እስከዚያ ፊደል ይህ ችግር አለ» ብሎ ይመልሳል፤ ከቃሉ ሥር ቀይ ሞገድ ይሰመራል። ኪቦርዱን ከአማርኛ መመለስ ረስቶ በላቲኑ ኮማ ፈንታ «፣» የጻፈ ሰው ጣቱ ከቁልፉ ሳይርቅ ይታረማል።

ጋብቻው ግን ንትርክ አልባ አይደለም፤ በፊደላችን ላይ ደግሞ ይብሳል። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይይዛል። ቦታን በባይት የሚቆጥር አራሚ በፊደል ከሚቆጥር ኤዲተር ጋር ሲገናኝ፣ ሞገዱ ከጥፋተኛው ቃል ተንሸራትቶ ጎረቤቱ ሥር ይሰመራል።

ከወግ ጠባቂዎቹ መካከል ከነጭራሹ መምከር ትተው ማስተካከሉን ራሳቸው የያዙም አሉ። ጎፍመት ለጎ ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ብላክ ደግሞ ለፓይተን፣ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ክፍተቱንና መስመሩን በራሳቸው ይደረድራሉ። «ያንተ ያምራል፣ የእኔ ያምራል» የሚለው የሥራ ባልደረቦች ክርክር ዳኛ አገኘ። ከሰው ሲመጣ ነቀፋ የሚመስል እርማት ከማሽን ሲመጣ ቂም አያስይዝም።

ወደ ሦስቱ መስመሮች እንመለስ። «ስራ» ወደ «ሥራ» ይመለስ፣ የእኩል ምልክቱም ክፍተቱን ያግኝ። ሞገዱ ይጠፋል፤ ድምሩም 960 ብር ይመጣል። አሁን ደግሞ ጸሐፊው ተሳስቶ በማባዣው ምልክት ፈንታ የመደመሪያውን አስቀመጠ እንበል። ስሞቹ በመዝገቡ አሉ፣ ክፍተቱ ልክ ነው፣ መስመሩ አጭር ነው። አራሚው ዝም ይላል፤ ስክሪኑ ንጹሕ ነው፤ ድምሩ 128 ብር። ይህችን ስህተት የሚያገኛት፣ ማታ የቀን ክፍያውን ተቀብሎ የሚቆጥረው ሰው ነው።