ካርዱ ላይ የተጻፈችው «ኢዴማ»

ሐኪሞቻችን የሚማሩትም ካርድ የሚጽፉትም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንዲት የዱከም ነፍሰ ጡር እግሯ አብጦ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ካርዷ ላይ የሚሰፍረው «እብጠት» ሳይሆን «ኢዴማ» ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው ማበጥ ነው። የግሪክ አፈ ታሪክ ንጉሥ የኤዲፐስ ስም «እግሩ ያበጠ» ማለት ነው፤ ሥሩ አንድ ነው።

ታዲያ «እብጠት» ብንለው ምን ይጎድላል? የእኛ ቃል ሰፊ ነው። ብጉንጁም ዕጢውም እብጠት ይባላል። ኢዴማ ግን ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ ከቦታው ወጥቶ መጠራቀሙን ነው የሚናገረው። «እግሬ ውሃ ቋጠረ» የሚሉት እናቶቻችን ይበልጥ ቀርበውታል። በዱከሙ የኢንዱስትሪ ዞን የሚሠሩት ቻይናውያንም በቋንቋቸው «ሹይጆንግ»፣ የውሃ እብጠት ነው የሚሉት። ኮሪያውያን ደግሞ «ቡጆንግ» ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ «ኮሪያ ሆስፒታል» በምንለው ቤት ኮሪያዊ ሐኪምና ኢትዮጵያዊት ነርስ የሚገናኙት እንግዲህ በዚህችው የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ቃሏን ማወቅ በተለይ የሚጠቅመው ሕፃናት ላይ ነው። ምግብ ክፉኛ የጎደለው ልጅ ሁልጊዜ አይከሳም። አንዳንዱ ያብጣል፤ ጎረቤትም «ፊቱ ሞላ፣ ወፈረ» ይላል። ሚዛኑም ያታልላል፣ ውሃው ኪሎ ይጨምራልና። የጤና ባለሙያዋ የልጁን ሁለት እግሮች በአውራ ጣቷ 3 ሰከንድ ያህል ተጭና የምትለቀው ለዚህ ነው። ጎድጉዶ ከቀረ ኢዴማ ነው። እግር ላይ ብቻ ከሆነ አንድ የመደመር ምልክት፣ ፊት ድረስ ከደረሰ ሦስት ታደርጋለች። ባለ ሦስቱ ልጅ ሆስፒታል መተኛት አለበት፤ «ነገ እናየዋለን» አይባልም።

ወደ ነፍሰ ጡሯ እንመለስ። በመጨረሻዎቹ ወራት የእግር ማበጥ የተለመደ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ካበጡ፣ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተጨመረ ግን የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለባት። አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም ደግሞ የደም መርጋት ይጠረጠራል፤ እሱን ማሸትም ሆነ ወጌሻ ጋ መውሰድ አይገባም።

ኢዴማ የበሽታ ስም አይደለም። ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበትም ሊያመጡት ይችላሉ። ካርዱ ላይ ካያችሁት ሐኪሙን «ከምን የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።