ዶንጉክ፤ በሴኡል ያለው የቡድሃውያን ዩኒቨርሲቲ

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፥ ናምሳን በሚባለው ተራራ ግርጌ፥ ዶንጉክ የተባለ የቡድሃውያን የግል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ የመነኮሳቱን የጥንት ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። የጆሶን ነገሥታት የኮንፊውሽየስን ትምህርት ስላስበለጡ የቡድሃን ሃይማኖት አዋረዱት፤ መነኮሳቱም ወደ መናገሻው ከተማ እንዳይገቡ ተከልክለው በየተራራው ገዳም ይኖሩ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1895 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ከ11 ዓመት በኋላ፥ በ1906፥ መነኮሳቱ በዚያው በሴኡል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይኸው ትምህርት ቤት በጃፓን አገዛዝ ዘመን ስሙ ተለዋወጠ፤ በ1944 ተዘጋ፤ በ1946 ዶንጉክ ተብሎ እንደገና ተከፈተ፤ በ1953ም የዩኒቨርሲቲነት ማዕርግ አገኘ።

በትምህርት ቤቱ የሚማሩት ቡድሃውያን ብቻ አይደሉም፤ ሌላ ሃይማኖት ያላቸውም ይገባሉ። ከሳይንስና ከሕግ ጥናት ጋር የተመስጦ ትምህርት ይሰጣል። የቡድሃ ልደት በሚከበርበት ሰሞንም ግቢው በፋኖስ ያጌጣል።

ጸሎት የሚደረስበት ጆንግጋክወን የተባለው አዳራሽ ግን አስቀድሞ መቅደስ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የታነጸ፥ የግዮንግሁይ ቤተ መንግሥት የዙፋን አዳራሽ ነበር። በ1926 በጃፓናውያን ዘመን ለአንድ የጃፓን ቡድሃውያን ቤተ መቅደስ ተሸጦ ከቦታው ተነሣ፤ ኋላም የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሆነ። በ1976 ደግሞ ዛሬ ወዳለበት ስፍራ ተዛወረ። ስለዚህ ነገሥታቱ ከከተማ ያገዷቸው መነኮሳት ተተኪዎች ዛሬ በንጉሥ አዳራሽ ይሰግዳሉ።