ከበቅሎ ኮቴ እስከ እሽቅድምድም መኪና፦ ጦርነት ያለፈበት የፌራሪ ቤተሰብ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው በኋላ እግሮቹ የቆመውን ጥቁር ፈረስ ከሩቅ ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በባሕሬን የተካሄደውን፣ በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያ የሆነውን የፎርሙላ 1 ውድድር ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማኸር ያሸነፈው ይህ ምልክት በተለጠፈበት ቀይ መኪና ነበር። በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የመዝናኛ ማዕከል ጣሪያም ይኸው ፈረስ ሰፍሮበታል። ብዙዎች የሀብትና የፍጥነት ምልክት አድርገው ያዩታል። አመጣጡ ግን ከሌላ ስፍራ ነው፤ በጦርነት ከሞተ ወጣት፣ ልጇን ካጣች እናትና ወንድሙን ከቀበረ የመንደር አንጥረኛ ልጅ።

ኤንዞ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1898 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው ሞዴና ተወለደ። አባቱ አልፍሬዶ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በተያያዘ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ለባቡር ድርጅት የሚሆኑ የብረት ግንባታዎችን ይሠሩ ነበር። ታላቅ ወንድሙ የአባቱን ስም የወረሰ ሲሆን በቤት ውስጥ የሚጠራው ዲኖ በሚል የቁልምጫ ስም ነው። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቦሎኛ ሄዱ፤ በዚያም ፌሊቼ ናዛሮ የተባለው ሹፌር በፊያት መኪና ሲያሸንፍ አዩ። የአሥር ዓመቱ ኤንዞ ከዚያ ቀን በኋላ ልቡ ከመኪና አልተላቀቀም።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1915 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ቀድሞ የተነሣው ታላቁ ዲኖ ነበር። በቤተሰቡ መኪና ቁስለኞችን ከግንባር ወደ ሆስፒታል ማመላለስ ጀመረ። ዓመቱ ሳይዞር፣ በ1916 መጀመሪያ፣ አባትየው በሳንባ ሕመም አረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዲኖም በአገልግሎት ላይ ሳለ በያዘው በሽታ ሞተ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱ ሁለት ምሰሶ ወደቀበት። ሥራ ቤቱም ተዘጋ፤ ኤንዞ ትምህርቱን ትቶ በከተማው የእሳት አደጋ ብርጌድ የቶርኖ ሥራ ማስተማር ያዘ።

በ1917 የእርሱም ተራ ደረሰና ወደ 3ኛው የተራራ መድፈኛ ክፍለ ጦር ተመደበ። ስለ ሞተር የሚያልመው ወጣት የተሰጠው ሥራ ግን በበቅሎዎች ኮቴ ላይ ብረት መምታት ነበር። በአልፕስ ተራራ መድፍ የምትሸከመው በቅሎ ነበረችና ሥራው የተናቀ አልነበረም። ተራራ ለተራራ ስንቅና መሣሪያ በበቅሎ ያመላለሱ አያቶች ያሉን እኛ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም። ብዙም ሳይቆይ በጽኑ ታመመ፤ ቦሎኛ ውስጥ ተስፋ የተቆረጠባቸው ሕሙማን በሚተኙበት ስፍራ ከርሞ ከሞት ተርፎ ወጣ፤ ከሠራዊቱም ተሰናበተ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከአለቃው የተሰጠውን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ቱሪን ወደሚገኘው ወደ ፊያት ኩባንያ አመራ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሁሉ ሥራ ፈላጊ በሆነበት በዚያ ክረምት መልሱ «ቦታ የለም» የሚል ሆነ። ኤንዞ በኋላ ባሳተመው ግለ ታሪኩ እንደ ተረከው፣ በቫለንቲኖ መናፈሻ በረዶ በሸፈነው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አባትም ወንድምም አጠገቡ አልነበሩም።

የሚገርመው፣ እንጀራ የሰጠው ከጦርነቱ የተረፈው ብረት ነው። የመጀመሪያ ሥራው ያገለገሉ የላንቺያ ቀላል የጭነት መኪናዎች ተፈታተው ሻንሲያቸው ብቻ ከቀረ በኋላ እየነዱ መፈተሽና ለሰው ማጓጓዣ የሚሆን ገላ ወደሚገጠምላቸው ስፍራ ማድረስ ነበር። ቀጥሎ ሚላኖ ውስጥ ሲ.ኤም.ኤን. በተባለ አነስተኛ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረውም በዚህ ፋብሪካ መኪና ነው። በማግስቱ ዓመት ወደ አልፋ ሮሜዮ ተሻገረ።

የፈረሱ ታሪክ እዚህ ላይ ይጀምራል። ኤንዞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1923 ራቬና አጠገብ የተካሄደውን የሳቪዮ ውድድር አሸነፈ። በዚያ ኮንት ኤንሪኮ ባራካ ከሚባሉ መኳንንት ጋር ተዋወቀ፤ ቆየት ብሎም ከባለቤታቸው ከኮንቴሳ ፓውሊና ጋር። ልጃቸው ፍራንቼስኮ ባራካ 34 የጠላት አውሮፕላኖችን የጣለ፣ በአገሩ ከሁሉ የላቀ የአየር ተዋጊ ሲሆን በሰኔ 1918 በሞንቴሎ ግንባር በ30 ዓመቱ ወድቋል። ከፈረሰኛ ጦር የመጣ ስለነበር በአውሮፕላኑ ጎን ጥቁር ፈረስ ያስሥል ነበር። እናትየው የልጃቸውን ፈረስ በመኪናው ላይ እንዲያደርግ፣ መልካም ዕድልም እንደሚያመጣለት ለወጣቱ ሹፌር ነገሩት። ኤንዞ የሞዴናን ቢጫ ቀለም ከሥሩ ጨመረበት። ፈረሱ በእርሱ ቡድን መኪናዎች ላይ በውድድር ሜዳ የታየው እ.ኤ.አ. በ1932 በቤልጂየም ስፓ ነው። አንዲት እናት የልጇን መታሰቢያ ባጌጠ ሣጥን ከመቆለፍ ይልቅ እየሮጠ እንዲኖር መምረጧ፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጣል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ሲነሣ ሌላ ትዝታ ይመጣል። ባራካ ከሞተ ከ17 ዓመታት በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአገራችን ወታደርና ገበሬ ላይ የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል። ባራካ በዚያ ግፍ እጅ አልነበረውም፤ ይሁንና የአንዱን ቤት የጦርነት ትዝታ ስናከብር የሌላውን መዘንጋት አይገባም። ከዚያ ዘመን በእኛ ዘንድ የቀረው ሌላው ነገር ቃል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መካኒክ ሁሉ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ ሲል የሚናገረው በሞዴና ጋራዦች ቋንቋ ነው። በጂዳና በሪያድ ጋራዦች የሚሠሩ ወንድሞቻችንም እነዚህን ቃላት ይዘው ተሻግረዋል።

ኤንዞ እ.ኤ.አ. በ1939 ከአልፋ ሮሜዮ ሲለያይ ለአራት ዓመታት በስሙ መኪና እንዳያወዳድር ውል አስሮት ነበር። በሌላ ስም በተቋቋመ ድርጅት ሁለት ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናዎች ሠርቶ በሚያዝያ 1940 ብሬሻ ላይ አሰለፈ። አንዱን የነዳው በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አልቤርቶ አስካሪ፣ ሌላውን ሎታሪዮ ራንጎኒ ነበር፤ ሁለቱም ሳይጨርሱ ወጡ። ከሳምንታት በኋላ ጣሊያን ዳግም ጦርነት ውስጥ ገባች። ራንጎኒ ከጦርነቱ አልተመለሰም።

ፋብሪካው በጦርነቱ ወቅት የአውሮፕላን ሞተር አካላትንና የብረት መሞረጃ ማሽኖችን ያመርት ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የመጀመሪያው ጦርነት ቤተሰቡን ሲነጥቀው ሁለተኛው ሥራውን አስፍቶለታል። በ1943 ከሞዴና ወደ ማራኔሎ ተዛወረ፤ በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ግን የአየር ቦምብ ደርሶበት ክፉኛ ተጎዳ።

ፍርስራሹ ተጠርጎ ሳያልቅ ኤንዞ ጆአኪኖ ኮሎምቦ የተባለውን መሐንዲስ ጠርቶ ሊሠራ የሚሻውን ነገረው፤ ባለ 12 ሲሊንደር። የሞተሩ አጠቃላይ ይዘት አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ብዙዎች እንደ እብደት ቆጠሩት። አሠራሩ ግን ምክንያት ነበረው። ይዘቱ ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚደርሰው 125 ሲሲ ገደማ፣ የአንዲት አነስተኛ ሞተር ብስክሌት ያህል ነው። ፒስተኑ ቀላል፣ ምልልሱም አጭር በመሆኑ ሞተሩ እጅግ በፍጥነት መዞር ይችላል፤ ጉልበቱ የሚመነጨውም ከዚያ ነው። የመኪናው ስም 125 ኤስ የተባለው በዚህ ልክ ነው። ብረት በተወደደበት፣ ባለሙያ በተበተነበት ጊዜ ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1947 ገና የላይኛው ገላ ያልተገጠመለትን መኪና ኤንዞ ራሱ ከፋብሪካው በር አውጥቶ በአውራ ጎዳናው ነዳው። ግንቦት 11 ቀን በፒያቼንዛ ፍራንኮ ኮርቴዜ እየመራ ሳለ፣ ሊፈጸም ጥቂት ዙር ሲቀር የነዳጅ ፓምፑ ከዳው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮም ላይ አሸነፈ። በጥቅምት ሬይሞን ሶመር በፌራሪ መኪና በቱሪን፣ በዚያው በቫለንቲኖ መናፈሻ ድል ሲያደርግ ኤንዞ ከ28 ዓመታት በፊት ያለቀሰበትን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠበት። ዳግም እንዳለቀሰ ይናገራል። ምስክሩ እርሱ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሌላ ምስክር ኖሮት አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1932 ለተወለደው የበኩር ልጁ የአባቱንና የወንድሙን ስም አልፍሬዶ አወጣለት፤ የቁልምጫ ስሙም ዲኖ ሆነ። ልጁ ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ የማይድን በሽታ ነበረበት። ሞተር የሚያድሰው አባት ልጁን ማዳን እንደሚቻል አምኖ የሚበላውንና የምርመራ ውጤቱን በየዕለቱ በሠንጠረዥ ይመዘግብ ነበር፤ የፋብሪካ ሰው ሌላ ዘዴ አያውቅም። ከአልጋው አጠገብ ከመሐንዲሱ ከቪቶሪዮ ያኖ ጋር ስለ አዲስ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይወያዩ ነበር። ዲኖ በሰኔ 1956 በ24 ዓመቱ ሞተ፤ ሞተሩም ከወራት በኋላ ተነሣ። ከንድፉ የልጁ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚከራከሩ አሉ፤ አባቱን ግን ማንም ሊያሳምነው አልቻለም።

በኋላ በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህ የሞተር ዝርያ ለመንገድ በተሠሩ አነስተኛ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። በአፍንጫቸው ላይ የባራካ ፈረስ አልተለጠፈም። የተጻፈው «ዲኖ» የሚል ስም ብቻ ነበር።