የጠፋችው ድመትና ባለ15 አሃዙ ቁጥር

ከታውኑስ ተራሮች ወርዶ ከማይን ወንዝ ጋር የሚቀላቀለው የሊደርባህ ጅረት በፍራንክፈርት ምዕራባዊ ጠርዝ ለምትገኝ አንዲት ሰፈር ስሙን አውርሷል፤ ኡንተርሊደርባህ፣ ማለትም የታችኛዋ ሊደርባህ። ሰፈሯ በ1917 እ.ኤ.አ. ከሆኽስት ጋር፣ በ1928 ደግሞ ከሆኽስት ጋር አብራ ከፍራንክፈርት ከተማ ጋር ተዋሕዳለች። በአንድ ወገን የአትክልት ቦታ ያላቸው ቤቶች፣ በሌላ ወገን ፈጣን አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ ይገኙባታል። በረንዳ ላይ ተኝታ የነበረች ድመት አንድ ምሽት ሳትመለስ ብትቀር፣ የቤተሰቡ ልብ የሚሰቀለው እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዲህ ተቀራርበው ስለሚገኙ ነው። ልጆች እንቅልፍ ያጣሉ፤ ወላጆች ባትሪ ይዘው ይወጣሉ፤ በማግሥቱም የመብራት ምሰሶ ላይ ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት ይለጠፋል።

እንዲህ ያለው ፍለጋ ለረጅም ጊዜ በዕድል ብቻ የሚወሰን ይመስል ነበር። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ግን የጠፉ እንስሳት የት እንደሚገኙ፣ እንዴት እንደሚመለሱና ለምን ሳይመለሱ እንደሚቀሩ በቁጥር ማሳየት ጀምረዋል።

ሩቅ አልሄደችም

በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነና ከ1,200 በላይ የጠፉ ድመቶችን የተመለከተ ጥናት አንድ አስገራሚ ውጤት አስገኝቷል። ከተገኙት ድመቶች መካከል ግማሾቹ የተገኙት ከጠፉበት ቦታ በ50 ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ሦስት አራተኛዎቹ ደግሞ ከ500 ሜትር አልራቁም። በሕይወት የተገኙት በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት 34 በመቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ 61 በመቶ ነበሩ። ወጥቶ በአካል መፈለግም የመገኘት ዕድልን ከፍ እንደሚያደርግ ጥናቱ አመልክቷል።

ምክንያቱ በድመት ጠባይ ውስጥ አለ። የፈራች ወይም የቆሰለች ድመት ከሩጫ ይልቅ መደበቅን ትመርጣለች። ድምፅ ማሰማት ቦታዋን ለጠላት ስለሚያጋልጥ፣ ባለቤቷ በአጠገቧ ቆሞ ስሟን ቢጠራ እንኳ ላትመልስ ትችላለች። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ ለዓመታት በሶፋ ላይ የኖረችዋም ብትሆን በጭንቅ ጊዜ ወደ ጥንቱ ጠባይዋ ትመለሳለች። ስለዚህ «ጠርቻት አልመጣችም፤ እዚህ የለችም» ብሎ ፍለጋውን ወደ ሩቅ ሰፈር ማዛወር ብዙዎችን የሚያሳስት እርምጃ ነው።

ፍለጋው መጀመር ያለበት ከራስ ደጃፍ ነው፦ ከቁጥቋጦ ሥር፣ ከመኪና በታች፣ ከጎረቤት ምድር ቤት፣ ከጋራዥና ከአትክልት ቦታ የዕቃ ማስቀመጫ። ጎረቤትን «አይተሃት ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ምድር ቤቱን አብሮ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ዕቃ ለማውጣት ለአፍታ በተከፈተ በር የገባች ድመት ለቀናት ተዘግቶባት ልትቆይ ትችላለችና። ሌሊት በባትሪ መፈለግም ሳይንሳዊ መሠረት አለው። በድመትና በውሻ ዐይን ውስጥ፣ ከብርሃን ተቀባዩ ሽፋን በስተጀርባ፣ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንብርብር ይገኛል። ቀን የማትታይ ድመት በጨለማ ውስጥ በሁለት የሚያበሩ ነጥቦች ልትታወቅ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የውሻ ነገር የተለየ ነው። ርችት ያስደነገጠው ውሻ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰፈር አቋርጦ ሊሄድ ይችላል። ይሁንና የመመለሻ መንገዱን የሚያገኝበት ችሎታም አለው። የቼክ ሪፐብሊክ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለ27 አዳኝ ውሾች የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ አስረው በጫካ ለቀዋቸው ነበር። ከውሾቹ ብዙዎቹ ወደ ባለቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት 20 ሜትር ያህል በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ሮጠዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሩጫ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ተጠቅሞ አቅጣጫ ከማስተካከል ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ ውሻው የጠፋበት ሰው ከቦታው ፈጥኖ ባይለቅ ይመረጣል። መሄድ ግድ ከሆነበትም ጠረኑ ያለበትን ልብስ ትቶ ደጋግሞ መመለስ ይገባዋል። የፈራ ውሻን ማሳደድ ደግሞ ወደ አውራ ጎዳናው መንዳት ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ፊትን አዙሮ፣ በለሰለሰ ድምፅ መጥራት ይሻላል።

የሩዝ ፍሬ የምታክል ምስክር

ከኡንተርሊደርባህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ዙልትስባህ በተባለች ከተማ ታሶ የተሰኘው የቤት እንስሳት መዝገብ ዋና ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ከ10 ሚሊዮን በላይ እንስሳትን መዝግቧል። ምዝገባው በነጻ ነው፤ የስልክ መስመሩም ሌት ተቀን ክፍት ነው። ፊንደፊክስ የተባለው የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር መዝገብም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

የምዝገባው መሠረት ማይክሮቺፕ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላትና የሩዝ ፍሬ የምታክለው ይህች የመስታወት ቅንጣት በመርፌ ከቆዳ ሥር፣ በአንገት ግራ ጎን ትገባለች። ባትሪ የላትም። መቃኛ መሣሪያ ሲቀርብላት ከመሣሪያው በሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ኃይል አግኝታ የያዘችውን ባለ15 አሃዝ ቁጥር ትመልሳለች፤ ከዚያ በኋላ ዝም ትላለች። እንስሳው የት እንዳለ አታመለክትም፤ የባለቤቱን ስምና ስልክም አልያዘችም። የሚያስፈልገው መረጃ ያለው በመዝገቡ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ቺፑን ስላስገባ ብቻ እንስሳው ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ያልተመዘገበ ቁጥር ደግሞ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 53 የእንስሳት መጠለያዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የቺፕን ጥቅምም ድክመቱንም አሳይተዋል። ወደ መጠለያዎቹ ከገቡት የጠፉ ድመቶች በጠቅላላ ወደ ባለቤታቸው የተመለሱት 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ቺፕ ከነበራቸው መካከል ግን ከ38 በመቶ በላይ ተመልሰዋል። ባለቤት ሳይገኝ ከቀረባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ ቁጥር ነበር። ቤትና ስልክ በተደጋጋሚ ለሚቀይር ስደተኛ ቤተሰብ ይህ ልዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማንን ማነጋገር?

በጀርመን ሕግ የጠፋ እንስሳ ያገኘ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ዝም ብሎ ወስዶ ማሳደግ አይፈቀድም። ግኝቱን አስመዝግቦ ባለቤቱ በ6 ወራት ውስጥ ካልታወቀ ግን አግኚው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሻ ወይም ድመት የጠፋበት ሰው በዚያው ዕለት ለመዝገቡ፣ በፌኸንሃይም ለሚገኘው የፍራንክፈርት የእንስሳት መጠለያ፣ ለፖሊስና በአካባቢው ላሉ የእንስሳት ሐኪሞች ማሳወቅ ይኖርበታል።

ማስታወቂያው ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ፎቶግራፍ፣ ጥቂት ቃላትና ስልክ ቁጥር ቢይዝ ይበቃል። እዚህ ላይ የሀገር ቤት ገበሬ ልማድ የሚያስተምረው ነገር አለ። በሬ የጠፋበት ሰው ለመንገደኛ ቡሬ ወይም ዳልቻ መሆኑን፣ የቀንዱን አበቃቀል ይነግራል፤ አገኘሁ የሚል ሲመጣ ግን «እስቲ ምልክቱን ንገረኝ» ይላል። ዛሬም አንድ ምልክት ከማስታወቂያው ላይ ሆን ብሎ መተው፣ ገንዘብ ለመቀበል ከሚደውሉ አታላዮች ይጠብቃል።

ከኢትዮጵያ ውሻ ወይም ድመት ይዞ ወደ ጀርመን ለሚመጣ ሰው ቺፑ የውዴታ ጉዳይ አይደለም። ቺፑ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፊት ወይም በዚያው ጊዜ መግባት አለበት። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀናት በኋላ ደም ተወስዶ የአውሮፓ ኅብረት ዕውቅና በሰጠው ቤተ ሙከራ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም የ3 ወር ጥበቃ አለ። እንስሳው ጀርመን ሲደርስ ቁጥሩን በመዝገብ ላይ ማስፈር ለባለቤቱ የተተወ ሥራ ነው።

ከመጥፋቱ በፊት

መከላከያው ቀላል ነው። አዲስ ቤት የገባች ድመት ለጥቂት ሳምንታት ከውስጥ መቆየት አለባት። በርና መስኮት ላይ መረብ ማድረግ፣ ውሻን ከአንገት በተጨማሪ ደረቱን በሚያቅፍ መታጠቂያ ማሰር፣ ርችት በሚተኮስበት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ከማሰሪያ አለመፍታት፣ ማምከንም ርቆ የመንከራተት ፍላጎትን ስለሚቀንስ ማስመከን ይጠቅማሉ። የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ባትሪው እስካለ ድረስ ቦታ ይጠቁማል፤ ቺፑ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለዘገየ ጥንቃቄ ነው። የእንስሳውን ቁጥር አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከርና ስልኩ የዛሬው መሆኑን ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። አንድ ሌሊት ከሦስት ሰፈር ማዶ የማያውቁት ሐኪም መቃኛውን በአንዲት ድመት አንገት ላይ ሲያሳልፍ፣ በዚህ ቤት ስልክ እንዲደወል የሚያደርገው ያ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።