«መብት ካለኝ ለቅቄያለሁ»፦ ኩዊትክሌም ዲድ የሚባለው ወረቀት

አሜሪካ ውስጥ ቤት ከሰው ወደ ሰው ከሚያልፍባቸው ሰነዶች ሁሉ ጥቂት ቃል የሚገባው ኩዊትክሌም ዲድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ፈራሚው «በዚህ ቤት ላይ መብት ካለኝ ያንን ለእገሌ ለቅቄያለሁ» ይላል፤ በዚያው ያበቃል። ቤቱ የኔ ነው አይልም፤ ዕዳ የለበትም አይልም፤ ነገ ሌላ ባለመብት ቢነሳ ቆሜ እከራከርልሃለሁም አይልም። ስሙ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ይገባኛል ማለትን መተው የሚል ሐሳብ አለው። «ኩዊክ ክሌም» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ፍጥነት ግን የስሙም የግብሩም ትርጉም አይደለም።

ከባዕድ ቤት የሚገዛ ሰው እንዲህ ባለ ወረቀት ገንዘቡን ቢከፍል ትልቅ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሻጩ ስለ ይዞታው ኃላፊነት የሚወስድበት ዋራንቲ ዲድ የተባለ ሌላ ሰነድ አለለት። በወንድምና በእህት መካከል ግን ነገሩ ይለያል፤ አብረው ያደጉበትን ቤት ታሪክ ሁለቱም ያውቁታል።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በስማቸው ብቻ የተመዘገበ ቤት ትተው አረፉ። ትልቋ ልጅ እናቷን ስታስታምም እዚያው ኖራለች፤ ሁለተኛው አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ፣ የራሱ ቤት አለው፤ ታናሹ አዲስ አበባ ነው። አርባው ካለፈ በኋላ ወንድሞቿ «ቤቱ ላንቺ ይሁን» ይሏታል። ዘመድ አዝማድ የሰማው ቃል ነው፤ የቤት ባለቤትነት ግን እዚያ አገር በጽሑፍ ካልሆነ አይተላለፍም። አንዱ ዘመድ ታዲያ «ኩዊትክሌም ፈርሙላት በቃ» ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የሚያስተላልፈው ፈራሚው በእጁ ያለውን ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሟች ቤት በቀጥታ ወደ ልጆች አያልፍም፤ መጀመሪያ የሚያርፈው ተሿሚ የውርስ አስተዳዳሪ እጅ ነው፣ በኛ አገር የውርስ አጣሪ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ። አስተዳዳሪው ዕዳ ከፍሎና ወራሾችን ለይቶ ዲድ እስኪፈርም ድረስ የወንድሞች ፊርማ የቤቱን መዝገብ አያጠራውም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ቨርጂኒያ ብንገባ ደግሞ ቤት በመሠረቱ በሞት ዕለት በቀጥታ ወደ ወራሾች ያልፋል። እንግዲህ አሌክሳንድርያ ያለ ጓደኛ የሠራበት መንገድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ሰነዱ ሲጻፍ የመንገድ አድራሻ ብቻ አይበቃም፤ በመሬት መዝገቡ ላይ ያለው የሎት (የቦታው)፣ የብሎክና የፕላት (የተመዘገበው የቦታ ካርታ) ቁጥር መገልበጥ አለበት። ፈራሚው ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ይፈርማል፤ ከዚያ ሰነዱ ይመዘገባል። ሜሪላንድ ላይ የሚመዘገበው በካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ለዚሁ ሥራ የተለየ ሹም አላት፤ የባርነት ተቃዋሚው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1886 በዚህ ሹመት አገልግሏል። በሕግ የሰው ንብረት ሆኖ የተወለደ ሰው የዋና ከተማዋን የንብረት መዝገብ መያዙን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ወረቀቱ የባንክ ዕዳን አያንቀሳቅስም። ሞርጌጁን የፈረመ ሰው ስሙን ከቤቱ ቢያወጣም ከብድሩ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የጋርን–ሴንት ጀርሜይን ሕግ ግን ተበዳሪው ሞቶ ቤቱ ወደ ዘመድ ሲያልፍ ባንኩ በዚያ ምክንያት ብቻ ሙሉ ብድሩን በአንዴ እንዳይጠይቅ ይከለክላል።

ቤተሰብን ክፉኛ የሚጎዳው ግን ግብሩ ነው። ብዙ ወላጆች «ልጆቼ ፍርድ ቤት እንዳይንከራተቱ» ብለው በሕይወት ሳሉ ቤቱን በኩዊትክሌም ለልጅ ያዞራሉ። እናት ቤቱን በ150,000 ዶላር ገዝተውት በሞቱ ጊዜ 550,000 ቢያወጣ፣ ልጅ በውርስ ካገኘው ለግብር የሚታይለት መነሻ ዋጋ 550,000 ነው፤ በ560,000 ቢሸጠው ትርፉ 10,000 ይሆናል። በስጦታ ተቀብሎት ከነበረ መነሻው የእናቱ 150,000 ስለሆነ ትርፉ 410,000 ነው። በደግነት የተፈረመ ወረቀት ግብር የሚታሰብበትን ትርፍ ይህን ያህል ያሳድገዋል፤ ለዚህም ነው ወላጆች ከመፈረማቸው በፊት የግብር አዋቂ እንዲጠይቁ አጥብቄ የምለምነው።

የአዲስ አበባው ልጅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነ ወንድም ድርሻውን ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የስጦታ ግብር ቅጽ ሞልቶ ያልፋል፤ ከዕድሜ ልክ ነፃ መጠኑ ይቀነስለታል። ዜጋም ነዋሪም ያልሆነው ግን ይህ ነፃ መጠን የለውም። አሜሪካ ያለ የቤት ድርሻው ከዓመታዊው ገደብ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ19,000 ዶላር፣ ሲያልፍ ስጦታው ግብር ይጠየቅበታል። የእናቱ ቤት እንደ ላይኛው ምሳሌ 550,000 ቢያወጣ የሱ ሢሶ ከ183,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ድርሻውን ተቀብሎ ከሚሰጥ፣ እናቱ ባረፉ በዘጠኝ ወር ውስጥ ውርሱን በጽሑፍ «አልቀበልም» ማለት ሊሻለው ይችላል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ሕጉ ቀድሞ እንደሞተ ይቆጥረዋልና ኑዛዜ ከሌለና ልጆች ካሉት ድርሻው ወደ እህቱ ሳይሆን ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

መፈረሙን ከመረጠ አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዶ ቆንስሉ ፊት ይፈርማል፤ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ይከፈላል። ወረቀቱ ተልኮ ሜሪላንድ ሲደርስ የፕላት ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከተገኘ፣ የማስተካከያ ዲድ ተጽፎ ወንድምየው እንደገና ቀጠሮ ይይዛል፣ እንደገና ይፈርማል፣ ሌላ 50 ዶላር ይከፍላል።