የኩርባ ጉልበት

ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ ወደ ፒያሳ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ባጃጅ ነው። ሦስት ሰው ከኋላ ይጫናል፤ ከሐይቁ ዳር ወጥቶ ወደ ዋናው አስፋልት ሲታጠፍም ሹፌሩ በሞተሩ ድምፅ ይታወቃል። ኩርባው ሳይደርስ በግራ እጁ መያዣውን አዙሮ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ እንደሆነ ባጃጇ እየጮኸች፣ ግን ሳትለግም ትወጣለች። በሦስተኛ የታጠፈው ደግሞ ነዳጅ ሲሰጣት መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ፍሪሲዮን ይዞ ማርሽ እስኪቀንስ ድረስ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይለቅበታል። የሁለቱም ሞተር አንድ ነው፤ 200 ሲሲ የሚጠጋ፣ ከ10 የፈረስ ጉልበት ብዙም የማይርቅ። ልዩነቱ ሞተሩን ከጎማው ጋር ያገናኘው ጥርስ ነው።

የውድድር ኳድ የሚያሰናዱ መካኒኮች እንቅልፍ የሚያጡበት ጉዳይም ይኸው ነው። ኳድ እንደ ሞተር ሳይክል ኮርቻ ላይ ተቀምጠው በእጅ መሪ የሚነዷት ባለአራት እግር ናት። ትውልዷ ከባጃጅ ሌላ ነው። ባጃጅ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው የጣሊያኑ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ካወጣው አፔ ከተባለው ባለሦስት እግር ነው። የኳድ ቀዳሚ ደግሞ ሆንዳ በ1970 ለገበያ ያቀረበው፣ ለአሸዋና ለጭቃ የተሠራ ባለሦስት እግር ነው። ያ ባለሦስት እግር ኩርባ ላይ እየተገለበጠ ብዙ ሰው ስለጎዳ በ1988 አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው ሽያጩን አቆሙ። ሱዙኪ ቀድሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አራተኛውን እግር ጨምሮ ነበር፤ በ1985 ደግሞ ለውድድር ብሎ የሠራትን ባለ250 ሲሲ ኳድ አወጣ። ዛሬ በውድድር ሜዳ የሚታዩት በአብዛኛው ባለ450 ሲሲ ሲሆኑ 40 የፈረስ ጉልበት አካባቢ አላቸው።

ይህ ሁሉ ጉልበት ከሞተሩ ወጥቶ በካምቢዮው ያልፍና ትንሿን ፒኞን ያዞራል፤ ፒኞኗ በካቴና ከኋላ አክሰል ላይ የታሰረውን ኮሮና ትጎትታለች። በብዙዎቹ 450 ሲሲ ኳዶች ላይ ፒኞኗ 14፣ ኮሮናው 38 ጥርስ አለው። 38ን ለ14 ብናካፍል 2.71 ይመጣል፤ አክሰሉ አንዴ እንዲዞር ፒኞኗ 2.71 ጊዜ ትዞራለች ማለት ነው። በባለ14ቷ ፋንታ ባለ13 ጥርስ ስትገባ ቁጥሩ 2.92 ይሆናል። አንዲት ጥርስ ተቀንሳ ጎማውን የሚገፋው ኃይል 8 በመቶ ገደማ ጨመረ። ያንኑ ያህል ከኋላ ለማግኘት ኮሮናውን ከ38 ወደ 41 ማሳደግ ያስፈልጋል። ፒኞን ርካሽ ናት፣ ቶሎም ትቀየራለች፤ ሰው መጀመሪያ እሷን የሚነካው ለዚህ ነው። ነገር ግን በጣም ካነሰች ካቴናው በጠባቡ ስለሚታጠፍ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ብዙ መቀነስ የፈለገ ሰው ኮሮናውን ቢያሳድግ ይሻለዋል።

ዋጋው የሚከፈለው በከፍተኛው ፍጥነት ላይ ነው። በ14 ጥርስ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የምትደርስ ኳድ በ13ቷ 111 አካባቢ ላይ የሞተሯን ዙር ትጨርሳለች። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ፍጥነት መቀነስ ለውድድር ሰው የማይታሰብ ነውና። ግን ኩርባ በበዛበት ሜዳ 120 የሚደረስበት ቦታ ከየት ይመጣል? እዚያ ጊዜ የሚገኘው ከኩርባ ሲወጡ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። እዚያ የተገኘች ትንሽ ብልጫ ቀጥታውን መንገድ እስከ ጫፉ ድረስ አብራ ትሄዳለች። ለዚህ ነው መካኒኩ ሁሉንም ኩርባ እኩል የማያየው። ወደ ረጅሙ ቀጥታ የሚያወጣውን አንዱን ኩርባ ይመርጥና ጥርሱን ለእሱ ያስተካክላል። ነጂው ከዚያ ኩርባ ሲወጣ ሞተሩ ከታነቀ ማርሹ ረዝሟል፣ ለፍጥነት አድልቷል ማለት ነው። ከቀጥታው ግማሽ ሳይደርስ ዙሩ ካለቀ ደግሞ አጥሯል። የቀጥታው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዙሩም አብሮ ሊያልቅ ሲል ከሆነ ልክ ነው።

ጎማም ማርሽ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኋላ ጎማዋን ከ20 ኢንች ወደ 18 ኢንች ቁመት ያወረደ ሰው ጥርስ ሳይነካ የኳዷን ማርሽ 10 በመቶ አሳጥሯል። ፒኞኗንም ጎማውንም ባንድ ላይ የቀየረ ደግሞ የትኛው ምን እንዳመጣ ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ አንድ ሌላ ሒሳብ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለውም ይቀንሳልና። ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት ኳድ አሞራ ገደል ላይ 33 ገደማ ይዛ ትቆማለች፤ አዲስ አበባ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች። ካርቦራተር ያላት ከሆነች ለሳሳው አየር ነዳጁ ስለሚበዛባት ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። እንግዲህ ጃፓን ወይም አሜሪካ የተጻፈን የማርሽ ምክር እንዳለ መቅዳት እዚህ አይሠራም። በእኔ አስተያየት እኛ አገር የሚመጣ የውድድር ሞተር፣ ባለሁለትም ይሁን ባለአራት እግር፣ ከሁሉ በፊት አንዲት ጥርስ መቀነስና ነዳጅ የምትለካውን የካርቦራተር ቀዳዳ ማጥበብ ይገባዋል።

ጥርሱ ልክ ቢሆንም ጉልበቱ መሬት ካልያዘ ከንቱ ነው፤ ባጃጅና ኳድ ጨርሶ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ባጃጅ ዲፈረንሻል አላት። ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ዲፈረንሻሉ ሁለቱን በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ይለቃቸዋል። ችግሩ ጉልበት ሁልጊዜ ወደ ቀለለው ጎማ ማምለጡ ነው። ዝናብ በመታው ኮብልስቶን ላይ በኃይል የታጠፈችን ባጃጅ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ተሳፋሪዎቹ ወደ ውጪ ይገፋሉ፣ የውስጠኛው ጎማ ይቀልና ባዶውን ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጇ ግን ንቅንቅ አትልም። ሹፌሩ ከመቀመጫው ተንሸራትቶ ገላውን ወደ ኩርባው ውስጥ የሚጥለው ያቺን ጎማ መሬት ለማስያዝ ነው።

የውድድር ኳድ ዲፈረንሻል የላትም። የኋላ አክሰሏ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ሁለቱ ጎማዎች የግድ እኩል ይዞራሉ። ኩርባ ላይ እኩል መዞር ስለማይቻል አንዱ መንሸራተት አለበት። አፈር ላይ ይህ በረከት ነው፤ ነጂው ነዳጅ ሰጥቶ ኋላዋን ያስንሸራትትና ኩርባውን በነዳጅ ያዞራታል። አስፋልት ላይ ግን ጎማው አልንሸራተትም ስለሚል ኳዷ መሪው ታጥፎ እያለ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በመንገድ ላይ ኳድ የሚነዳ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። አክሰሉ ወጥ በመሆኑ የተነሳ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ዙሪያቸው በሜትር ተለክቶ እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቀጥታ ላይም ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ወጥ አክሰል ባላቸው መኪኖች በክብ ሜዳ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ እየታጠፉ የሚወዳደሩ ሰዎች ደግሞ ሆን ብለው የውጪውን ጎማ ያስበልጣሉ።

የቀረው ማስተካከያ እንዳትገለበጥና እንዳትንሸራተት የሚደረግ ነው። የፊት እግሮቿ ይሰፋሉ፣ ሆዷ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ሞላዎቹ ይጠነክራሉ። የፊት ጎማዎቹ አፍንጫቸውን በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እንዲያዞሩ ይደረጋል። የጎማ ነፋሷ የቤት መኪና ለለመደ ሰው ያስገርማል፦ 5 ወይም 6 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ጎማው ጠፍጠፍ ብሎ አፈሩን እንዲነክስ። ነፋሱ ትንሽ ሲበዛ በጥርስ የተገኘው ጉልበት ሁሉ በመሽከርከር ያልቃል። ጥርሱም ከልክ በላይ ካጠረ ውጤቱ ያው ነው።

የባጃጅ ሹፌር ፒኞን ቀይሮ መሞከር አይችልም፤ ሁሉ ነገር ካምቢዮው ውስጥ ተዘግቷል። በእጁ ያለው የፍሪሲዮን ገመዱን ልቅነት ማስተካከል፣ ካርቦራተሩን ማጽዳት፣ ጎማውን በልኩ መንፋትና ከኩርባ በፊት ማርሽ መቀነስ ነው። ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ሞተር ሳይክል ያለው ግን የኳዱን ሒሳብ እንዳለ ሊሠራበት ይችላል፤ የእሱም ካቴና ከፒኞን ወደ ኮሮና ነው የሚሄደው። ዳገት የሚበዛበት ወይም ጭነት የሚያዘወትር ከሆነ ከፊት አንድ ጥርስ ይቀንስ። ሲቀይር ታዲያ ፒኞን፣ ኮሮናና ካቴና አብረው ይቀየሩ። በላላ አሮጌ ካቴና ላይ የገባች አዲስ ፒኞን ጥርሷ በጥቂት ወር ውስጥ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል፤ ጋራዥ ውስጥም ጥፋቱ የሚለጠፈው በፒኞኗ ጥራት ላይ ነው።